የእጅ ውክልና

በልጄ ትምህርት ቤት የተግባር ሳይንስ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው። ወላጆች ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጃችንን ታጥበን በር ላይ እንሰለፋለን። ጥበቃው ጥፍራችንን አንድ በአንድ ያያል፤ ጥፍሩ ያደገበት ቆርጦ እንዲመጣ ይመለሳል። ከዚያ ጽሑፍ የምታነብልንን ትንሿን አንባቢያችንን ከደረታችን ላይ ነቅለን ቅርጫት ውስጥ እንጥላለን፤ ቅርጫቱ ይቆለፋል። ልጆቻችን ከኋላችን ይገባሉ።

ክፍል ውስጥ ዴስኮቹ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን። ዴስኮቹ ለስድስተኛ ክፍል ልጅ የተሠሩ ናቸው፤ ወንበሩና ጠረጴዛው በአንድ ብረት ተያይዟል። ወፈር ያልን ወላጆች መጀመሪያ አንዱን ጉልበት፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን እናስገባና ትንፋሽ ስበን ሆዳችንን እናስከትላለን። ልጆቹ ከቢጫው መሥመር ጀርባ፣ ከእኛ ሁለት ሜትር ርቀው ይቆማሉ። መምህርት ሐመልማል «እጅ» ስትል ሠላሳ ሁለቱም ልጆች እጃቸውን የደንብ ልብሳቸው ፊት ላይ በገመድ በሚታሰረው ሰፊ ኪስ ይከታሉ። ትምህርቱ እስኪያልቅ ከዚያ አይወጣም። መቀስ የቆረጠው፣ ሙጫ ያጣበቀው፣ ሽቦ የወጋው ልጅ ካየን ብዙ ዓመት ሆኖናል። ወላጅ ግን በየሳምንቱ ይወጋል።

ድሮ ወላጅ የልጁን ፕሮጀክት ቤት ውስጥ ተደብቆ ይሠራ ነበር ይባላል፤ ልጁም የራሱ አስመስሎ ይወስደው ነበር። አሁን መደበቅ ቀርቷል። ልጁ በሕግ የእጅ ውክልና ይሰጣል፣ ወላጅ ይሠራል፣ ማርኩም የወላጅ ነው። የእኔን ካርድ የምትፈርመው ልጄ ዙርያሽ ናት።

መጀመሪያ ተወካይዋ አባቷ ነበር። የእሱ ውክልና የተሰረዘው ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ በድንች መብራት በሚበራበት ዕለት ነው። ድንቹን በላው። ጥሬውን። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ «ቁርስ አልበላሁም ነበር» አለ። ሌላ የሚጨምረው ነገር እንዳለ ተጠየቀ። «ጨው አልነበረውም» አለ። ባለቤቴ ናታን ውሸት አይወድም። ከዚያ ቀን በኋላ ውክልናው ወደ እኔ ዞረ።

ውክልናውን ለመፈራረም የሄድንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ዙርያሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የውክልና ቢሮው ጸሐፊ ሃያ ሁለት መሥመር ያለው ወረቀት ሰጠን። አንባቢዬን ወደ ወረቀቱ አዞርኩ። አንባቢ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ናት፤ የተጻፈውን አሳጥራ በጆሮ ትነግራለች። «ውክልና ነው። የተለመደ ነው። ፈርሚ» አለችኝ። ዙርያሽ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ቀለሙን ከጠረግንላት በኋላ እጇን ኪሷ ከተተች።

እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን የምጽፈው ለማዘን አይደለም፤ ብዙዎቻችን አንችልም። የመድኃኒት ጠርሙስ ይናገራል፣ የአውቶቡስ ታርጋ ይናገራል፣ የዳቦ ቤቱ በር «ትኩስ አለ» ይላል። ፊደል ለማን ያስፈልጋል? ተግባር ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ችግሩ። አንድ አባት አንባቢው መልስ ሲያንሾካሽክለት ስለተያዘ አንባቢ መያዝ ተከለከለ፤ ትእዛዙ በወረቀት ይሰጣል። ማን እንደሚያነብ ማን እንደማያነብ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁላችንም ወረቀቱን ፊታችን አስቀምጠን ራሳችንን እንነቀንቃለን።

እኔ ከነቀነቅኩ በኋላ አቶ ዮናታንን አይ ነበር። አቶ ዮናታን ከጎኔ የሚቀመጥ መሐንዲስ ነው፤ እጁ ቀልጣፋ ነው፣ ከዘጠና በታች አምጥቶ አያውቅም። የሠራውን እሠራለሁ። በጥር ፈተና የነፋስ ወፍጮ ሠራ፤ እኔም ሠራሁ። የእኔ እንዲያውም ከእሱ የበለጠ ዞረ። ለካ የፈተናው ኮድ የተለያየ ነው፤ የእኔ ወረቀት «የውሃ ማጣሪያ ሥሩ» ነው የሚለው። መምህርት ሐመልማል መመሪያዋን ተከትላ በወፍጮዬ ላይ አንድ ብርጭቆ ድፍርስ ውሃ አፈሰሰች፣ ከሥሩ የወጣውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየች፣ «አላጠራም» ብላ ጻፈች። ሠላሳ አንድ። በመጋቢት ደግሞ ከፊቴ ከተቀመጠችው ሴት ገለበጥኩ። ሃያ ስምንት። እሷም ከአቶ ዮናታን ነበር የምትገለብጠው።

ዙርያሽ ካርዴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ረጅም ሰዓት አየችው።

«የሌሎቹ ወላጆች ስንት አመጡ?» አልኳት።

«እማዬ፣ እኔ ከሰው እናት ጋር አላወዳድርሽም።»

«ጥናት ቀንሼ አይደለም እኮ።»

«ጥረትሽን አይቻለሁ» አለችና ፈረመች። ከዚያ ብርቱካኗን እንድልጥላት ወደ እኔ ገፋችው፤ እየላጥኩላት አንድ ድልድይ የቱ ጋ እንደሚጨመቅ፣ የቱ ጋ እንደሚወጠር ነገረችኝ። በንድፈ ሐሳብ ፈተና ዘጠና ስምንት ያመጣች ልጅ ናት። ብርቱካን ልጣ አታውቅም።

የሰኔው ፈተና የመጨረሻው ነበር። ተወካዩ በዓመት ሦስት ጊዜ ከሃምሳ በታች ያመጣበት ልጅ ክፍሉን ይደግማል። ዙርያሽ አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ሰባተኛ ክፍል ቢጫው መሥመር ወደ ዴስኩ በአንድ ሜትር ይጠጋል አሉ።» ልጄ ከዓለም የምትመኘው ያንን አንድ ሜትር ነበር። ያንን ላስቀርባት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

እኔ የሠፈራችን ዕድር ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድንኳኑ በእኔ እጅ ነው። ራሱን የሚነፋ ድንኳን ገዝተን ነበር፤ ለቅሶ ላይ ከነለቀስተኛው ተነፈሰብንና ወደ ድሮው ቋሚና ገመድ ተመለስን። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ናሆም ነው። በ1994 ዓ.ም. የተወለደ፣ ዘንድሮ ሰባ ስምንት የሞላው፣ መዝገቡን እስከ ዛሬ በእስክሪብቶ የሚጽፍ ሰው ነው። መዝገቡ ላይ ሲጽፍ አጠገቡ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይህንን ለማወቅ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ለማን?»

«ለአንዲት ሴትዮ።»

«ሴትዮዋ ቸኩላለች?»

«እስከ ሰኔ።»

ቀና ብሎም አላየኝም። «ቅዳሜ ጠዋት ትምጣ። የራሷን ወረቀት ይዛ ትምጣ፤ እኔ ጋ መጽሐፍ የለም፣ ምስጥ በልቶታል።»

ቅዳሜ ስሄድ ከእኔ ሌላ ሦስት ሰዎች ድስት ገልብጠው ተቀምጠው አገኘሁ። ሁላችንም «ለአንድ ሰው ነው» ብለን የመጣን ነን። መጀመሪያ ከሀ እስከ ፐ አስጮኸን፤ የድንኳኑ ቋሚ ላይ በጠመኔ እየጻፈ። ወር ከሞላ በኋላ ወረቀታችንን ጠየቀ። ቤቴ ያለው ወረቀት ያ ውክልና ብቻ ነበር።

ጋሽ ናሆም መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው። «‹ተወካይ ስለ እኔ ሆነው ከላይ የተጠቀሱትን እጆች እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ እንዲያከራዩ፣ ቦሎ እንዲያሳድሱ።› ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እዚያው ቢሮ የሰጡን ነው።»

«የመኪና ውክልና ነው። መኪናውን አውጥተው እጅ አስገቡበት።»

ፈራሁ። «ልጄን ልሸጣት እችላለሁ ማለት ነው?»

«እጆቿን ብቻ» አለና ወደሚቀጥለው ተማሪ ሄደ።

ያንን ወረቀት በሳምንት ሁለት መሥመር፣ አንዳንዴ ሦስት እያደረግኩ አነበብኩት። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ የቦሎውን መሥመር አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ። በሰኔ መጀመሪያ አሥራ ሰባተኛው መሥመር ላይ ደረስኩ። «ወካይ ውክልና በመስጠቱ ምክንያት ሥራውን ራሱ ከመሥራት አይከለከልም» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ይህም ከመኪናው የቀረ ነው። መኪናሽን ወንድምሽ እንዲሸጥልሽ ወከልሽው እንበል። እስኪሸጥ ድረስ አንቺ አትነጂውም ማለት አይደለም።» ከዚያ ደወል ተደወለ፤ የሰው ለቅሶ ነበር፣ ድንኳን ላወጣ ተነሣሁ። አሥራ ስምንተኛውን ሳናየው ቀረ። የሚቀጥለው ሐሙስ ፈተናው ነበር።

ውክልናውን ያልያዘ ወላጅ አይገባም። ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን ቤት ሦስት ጊዜ፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በር ላይ አንድ ጊዜ አየሁ። ጥፍሬ አለፈ። ዴስኬ ውስጥ ገባሁ። ከሥራው በፊት እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን መናገር አለበት፤ ከመሥመሩ ጀርባ የሚፈቀድላቸው ንግግር ያ ብቻ ነው።

«ግምቴ፣» አለች ዙርያሽ፣ «እናቴ ረጋ ካለች ድልድዩ ይሸከማል።»

መምህርት ሐመልማል መዘገበችው። በሙከራ የሚረጋገጥ ግምት ስለሆነ ሙሉ ማርክ ሰጠችው።

ፊቴ ላይ አርባ ዘንግ ፓስታ፣ ሁለት ሜትር ክር፣ ትንሽ ስኮች፣ ሁለት ጡብና አንድ ወረቀት ነበር። የተሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። አቶ ዮናታን ወረቀቱን አንዴ አየት አድርጎ ሥራ ጀመረ። አላየሁትም። አንገቴን ይዤ ወረቀቴን ማንበብ ጀመርኩ። የእኔም ድልድይ ነበር። በጡቦቹ መካከል አንድ ክንድ ርቀት ይኑር፤ ድልድዩ አንድ ኪሎ ስኳር ተሸክሞ እስከ አሥር ይቆጠር። የመጨረሻው መሥመር፦ «ድልድዩ ጡቦቹ ላይ ይረፍ እንጂ አይጣበቅ።» አንብቤ ስጨርስ ሃያ ሦስት ደቂቃ ሄዷል። ዞር ስል ሁሉም ጫፉን በስኮች ጡቡ ላይ እየለጠፈ ነው። ልናገር አሰብኩ፤ ፈተና ነው ብዬ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፓስታውን ስምንት ስምንት አድርጌ እንደ ድንኳን ቋሚ በክር ጠመጠምኩ። አምስት እስር ይወጣል። አንዱን እስር ባሰርኩ ቁጥር ዴስኩን ሁለቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ካስማ ስተክል የለመደብኝ ነው። ሦስቱን እስሮች አገናኝቼ ጡቦቹ ላይ አሳረፍኩ። ሁለቱ ቀርተዋል፤ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አለኝ። ረግቼ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ረግቼ አላውቅም።

ያኔ በሩ ተከፈተና አቶ ሮቤል ገቡ።

አቶ ሮቤል ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመጡ ተቆጣጣሪ ናቸው። ጠጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ከዘራ የሚይዙ ትልቅ ሰው። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚጠብቅ ወላጅ በክፍሉ አልነበረም። ሠላሳ ሁለታችንም ብድግ አልን። ዴስኮቹም ጉልበታችን ላይ ተሰክተው አብረውን ብድግ አሉ።

ድምፁ ብዙ አልነበረም። ደረቅ ፓስታ ሲሰበር ቀጭ ነው የሚለው፤ ሠላሳ አንድ ቦታ ቀጭ አለ። ጡቡ ወደ አንድ ወገን ሲንሸራተት የተለጠፈው ድልድይ ሁሉ ከወገቡ ተሰበረ።

«ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ሮቤል ደንግጠው።

ተቀመጥን። ስንነሣ የተረፈው ስንቀመጥ አለቀ።

የእኔ ድልድይ ስላልተለጠፈ አልተሰበረም። ሙሉውን ተንሸራተተ፤ የዴስኩን ጫፍ አለፈ፤ ወደ ሲሚንቶው ሲወርድ አየሁት። እኔ ጉልበቴ ተይዟል። ከዚያ ድልድዩ በአየር ላይ ቆመ። ሁለት እጆች ይዘውታል።

ዙርያሽ ቢጫውን መሥመር አልፋ፣ ተንበርክካ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ነበር። ሠላሳ ሁለት ልጅ ባለበት ክፍል የሚታየው የእሷ እጅ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እጇን ያያል። እሷም ታየዋለች፤ የማን እንደሆነ ያልገባት ትመስል ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው አቶ ዮናታን ነው። የእሱ ድልድይ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። «የተማሪ እጅ ነክቶታል» አለ። «ይሰረዛል።»

«ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ አቶ ሮቤል በሐዘን።

«ደንቡ የት ላይ ነው ያለው?» አለች መምህርት ሐመልማል። ለክርክር አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ ቁጥር ማስገባት ነበረባት።

«ውክልናው ላይ ነዋ።» አቶ ሮቤል ደረታቸውን ዳሰሱ። አንባቢያቸው በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ነው። የቅርጫቱን ቁልፍ የያዘው ጥበቃ ቁርስ ሊበላ ወጥቷል። የወላጅን ውክልና ማንበብ ለመምህርም ለተማሪም አይፈቀድም። ሰውየው ክፍሉን ዙሪያውን አዩ፤ ዓይናቸው የደረሰበት ወላጅ ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ ዮናታን እንኳ ክሩን መጠቅለል ያዘ። እሱም ለካ የተሰጡትን ዕቃዎች አይቶ ነበር የሚገምተው።

«እኔ ላንብበው» አልኩ።

ዙርያሽ ድልድዩን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ለእሷም አልነገርኳትም ነበር።

ወረቀቱን አወጣሁ። አሥራ ሰባተኛውን መሥመር በጣቴ ያዝኩ። «ወ… ካ… ይ። ወካይ። ው… ክ… ልና።» ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

«ለምን ይጎትቱታል?» አለ አቶ ዮናታን።

«የማውቀው በዚህ ፍጥነት ነው» አልኩት።

ጨረስኩት፤ ሥራውን ራሱ ከመሥራት አይከለከልም። መምህርት ሐመልማል ወካይ ማለት ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሰጠችው ናት፣ ልጅቷ ናት አልኳት። አቶ ሮቤል ከዘራቸው ላይ ተደግፈው አሰቡ።

«ከዚያስ? ቀጥሎ ምን ይላል?»

ቀጥሎ አሥራ ስምንተኛው ነው። አንብቤው አላውቅም። የመጀመሪያው ቃል ገና በሩቁ ታየኝ። «ሆኖም» ይላል። ጋሽ ናሆም በሕግ ወረቀት ላይ ሆኖም ካየሽ ወንበርሽን ያዢ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ «አለቀ» ብል የሚያውቅብኝ ሰው በዚያ ክፍል የለም። ይህ በልቤ አልፏል፤ አልዋሽም። ግን ያ ሽማግሌ ድስት ላይ አስቀምጦ ያስተማረኝ የተጻፈውን እንዳነብ ነው፤ የምፈልገውንማ ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር።

«ሆ… ኖም። ሆኖም ወካይ ሥራውን ራሱ ከ… ጀመረ፣ ተወካይ ከሥራው ወ… ዲ… ያ… ው… ኑ ይለቃል።»

አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው የገባኝ። ከዚህ በኋላ ፓስታውን መንካት አልችልም።

«እንግዲህ፣» አሉ አቶ ሮቤል፣ «የተጻፈ ነገር ነው።» ሰዓታቸውን አዩ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ልጅቷ ትቀመጥ። እናትየዋ ከመሥመሩ ጀርባ።»

ሁለት ሰዎች ጎትተው ከዴስኩ አወጡኝ። ቀሚሴ ኪስ የለውም፤ መሥመሩ ጋ ደግሞ ያለ ኪስ አይቆምም። ዙርያሽ ኪሷን ፈታ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ማለትም ልታስር ሞከረች፤ ቋጠሮ አታውቅም፣ መምህርት ሐመልማል አሰረችው። ሁለት እጄን እየገፋሁ አስገባሁ። ከሠላሳ አንድ ልጆች ጋር ቆምኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ አንሾካሾከች። «የዙርያሽ እናት፣ ክርንዎን ያሳርፉት፤ እንደዚያ ከያዙት ይደነዝዛል።»

አሳረፍኩት። ልክ ነበረች።

ዙርያሽ ክሩን አነሣች። የድልድይን ጉልበት በቁጥር የምትነግረኝ ልጅ ክሩን አየችው፣ ክሩም አያት። የመጀመሪያውን ዙር ስትጠመጥም ከእጇ ሾለከ። ሁለተኛውን በኃይል ሳበችው፤ ሁለት ዘንግ ፓስታ ተሰበረ። «ከሥር አዙሪው» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ መለስኩት። እጄ ኪስ ውስጥ ባዶ ክር ይጠመጥማል። ስምንት ደቂቃ። ጣቷ ክሩ ውስጥ ገብቶ አብሮ ታሰረ። ስድስት። ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ቆማ ይህንን ነው የምታየው ብዬ አሰብኩ፤ እኔ ስሳሳት፣ እሷ አፏን ይዛ።

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ስትከፍት ክሩን በሌላ ዓይነት ያዘችው። ጫፉን በጥርሷ ነከሰች፣ በግራ አውራ ጣቷ እስሩን ተጫነች፣ ከሥር አዞረች። ያ የእኔ አያያዝ ነው፤ የድንኳን ቋሚ አያያዝ። ቋጠረችው። ዴስኩንም ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

ልጄ ከዚያ መሥመር ጀርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በከንቱ አልቆመችም።

አምስተኛው እስር አስቀያሚ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ሲቀር ድልድዩን ጡቦቹ ላይ አሳረፈችው። አቶ ሮቤል ራሳቸው ስኳሩን አንሥተው ቀስ ብለው አስቀመጡ። ድልድዩ ወገቡ ጎበጥ አለ።

«አንድ» አሉ። «ሁለት።» አቆጣጠራቸው ከእኔ ንባብ ይዘገያል። ሰባት ላይ አንድ ቦታ ቀጭ አለ። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። አቶ ሮቤል በነገሩ ተወስደው ማቆም ረሱ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት ላይ ድልድዩ ተሰበረ፣ ስኳሩ ሲሚንቶው ላይ ፈነዳ።

«አሥር ነበር የሚቆጠረው» አለች መምህርት ሐመልማል።

«አውቃለሁ» አሉ እሳቸው። ከዚያ «ስድሳ ሁለት» አሉ። «አሥሩ ለንጽሕና የሚሰጠው ነው፣ ቀንሼዋለሁ። እንዲህ ያለ ቋጠሮ አይቼ አላውቅም።»

ካርዱ ላይ ያለው ቦታ የተወካይ ብቻ ነው። መምህርት ሐመልማል ብዙ ፈለገች፤ በመጨረሻ የእኔን ስም ሰርዛ የዙርያሽን ጻፈች። ፊርማው ቦታ ላይ ደግሞ እኔ ፈረምኩ። በስሜ፣ አራት ደቂቃ ፈጅቶ፦ ሄራን።

ዞር ስንል ከመሥመሩ ጀርባ አንዲት ልጅ አንድ እጇን ከኪስ አውጥታ ከሲሚንቶው ላይ ስኳር በጣቷ ነክታ ትልሳለች። ቀጥሎ ሌላው። «እጅ» አለች መምህርት ሐመልማል፣ ግን ለልማድ ያህል ነበር፤ እሷም ጎንበስ ብላ ጫማዋ ሥር ያለውን ስኳር እያየች ነበር።

ሌሎቹ ወላጆች በሳምንቱ በድጋሚ ተፈተኑ። ማክሰኞ ስሄድ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቆሜ አነበብኩት። «በፈተና ሰዓት ማንም ለማንም አይነሣም» ይላል፤ ሥሩ የአቶ ሮቤል ፊርማ አለ። በድጋሚው ፈተና እሳቸው ሲገቡ ማንም አልተነሣም ተባለ፤ እሳቸውም ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፉ ዋሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን። አብዛኛው ሰው አሥራ ሰባተኛውን መሥመር እንዲነበብለት መጣ፤ ጋሽ ናሆም እዚህ አይነበብም፣ እዚህ የሚማሩበት ነው ብሎ ድስት ገለበጠለት። አቶ ዮናታን በትልቁ ድስት ላይ ይቀመጣል። ሐ ላይ ደርሷል። አልፎ አልፎ ወደ እኔ ወረቀት አየት ሲያደርግ አያለሁ፤ ኮዳችን የተለያየ ነው እለዋለሁ።

ዙርያሽ ሰባተኛ ክፍል ገባች። የተጠጋውን መሥመር ሮጣ ልታይ ሄደች፤ ግን ከጀርባው አልቆመችም። እኔ ነኝ የምቆመው፤ ውክልናው ስለ ቀረ ተመልካች ነኝ፣ ኪስ ሰጥተውኛል። ከድሮው የበለጠ እፈራለሁ። በፊት የምፈራው ለማርክ ነበር፤ አሁን ለጣቶቿ ነው። ቤት ውስጥ ቢላዋውን ደበቅሁ፤ አገኘችው። ብርቱካኗን ራሷ ላጠች፤ ከብርቱካኑ ብዙ አልተረፈም፣ በልታ ጨረሰችው።

ትናንት የመጀመሪያውን ሥራ ወረቀት ይዛ መጣች። አብረን አነበብነው፤ እኔ መሥመሩን በጣቴ እየያዝኩ፣ እሷ ስቸገር ዝም ብላ እየጠበቀችኝ። በድንች መብራት ማብራት ነው። ሁለት ድንች ይዛችሁ ኑ ይላል።

ሦስት ገዛሁ። አንዱን ቀቅዬ፣ ጨው ነስንሼ፣ ገና ከቤት ሳንወጣ ለአባቷ ሰጠሁት።